የሐኪሞች የፈቃድ ፈተና ለቆሼ አርሶ አደር ምኑ ነው?

በማረቆ ልዩ ወረዳ መቀመጫ በቆሼና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልጅን ጤና ሳይንስ ማስተማር የአንድ ተማሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከበርበሬ ሽያጭ የተቆጠበው ገንዘብ፣ የታላቅ ወንድም ድጋፍና የእናት ዕቁብ ሁሉ ይገቡበታል። ልጁ ተመርቆ ሲመጣ ቤተሰቡ ድካሙ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስለዋል። ሆኖም ከምረቃው በኋላ አንድ በር ይቀራል፤ እርሱም የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ነው። ይህን በር ያላለፈ ምሩቅ ፈቃድ አያገኝም፤ ፈቃድ የሌለውም ሕመምተኛን በራሱ ኃላፊነት ማከም አይችልም።

ስለዚህ ነው በየቤቱ አንድ ጥያቄ የሚነሣው። ለዓመታት ተምሮ፣ በየዓመቱ ተፈትኖ ያለፈ ልጅ ስለ ምን እንደገና ይፈተናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ ሳይታወቅ ሊገኝ አይችልም። ፈተናው የሚጠይቀውን ማወቅ ደግሞ ለተፈታኙ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ቀን በዚያው ተፈታኝ እጅ ላይ ለሚወድቀው አርሶ አደርና የከተማ ነዋሪም ይጠቅማል።

በጤና ሚኒስቴር የሚመራው ይህ አገር አቀፍ ፈተና በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚመረቁ የጤና ባለሙያዎች መሰጠት የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ነው። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ የሚቀርቡና ምርጫ ያላቸው ናቸው። ከእነዚህም መካከል ተፈታኙን አጥብቀው የሚፈትኑት የሕመምተኛ ታሪክ ይዘው የሚመጡት ናቸው። አንድ ሰው ዕድሜው፣ ሥራው፣ ሕመሙ የጀመረበት ጊዜና በምርመራ የተገኘው ምልክት በጥቂት መስመሮች ይገለጻል፤ ከዚያም «በቅድሚያ ምን ይደረጋል?» ወይም «ይበልጥ የሚያጠራጥረው በሽታ የትኛው ነው?» ይባላል። ከምርጫዎቹ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ትክክል ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ነገሩን ለመረዳት እንዲቻል፣ በፈተናው አቀራረብ ለማሳያ ያህል ያዘጋጀናቸውን ሦስት ጥያቄዎች እንመልከት። ሦስቱም የተወሰዱት በአካባቢያችን ሊያጋጥሙ ከሚችሉ ሁኔታዎች ነው።

ከበርበሬ ማሳ የመጣው ሕመምተኛ

«የ28 ዓመት አርሶ አደር በሰዎች ተደግፎ ጤና ጣቢያ ደረሰ። ከሁለት ሰዓት ወዲህ ያስመልሰዋል፤ ያስቀምጠዋል። ላቡና ምራቁ ይወርዳል፤ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ የፈሳሽ ድምፅ ይሰማል። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠብቧል፤ ጡንቻው ይርገበገባል፤ የልቡ ምት በደቂቃ 48 ነው። በቅድሚያ የሚደረገው የትኛው ነው?» ምርጫዎቹም፦ ሀ) የወባ ምርመራ ውጤት መጠበቅ፣ ለ) ለተቅማጡ ፀረ-ተዋህስያን መስጠት፣ ሐ) የመተንፈሻውን መንገድ ማጽዳት፣ ልብሱን አውልቆ ገላውን ማጠብና አትሮፒን መስጠት፣ መ) ያለ ምንም ሕክምና ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መላክ።

በሽምደዳ የሚሠራ ተፈታኝ ትውከትንና ተቅማጥን ሲያይ ወደ «ለ» ሊያዘነብል ይችላል። የሚያመዛዝን ተፈታኝ ግን የማይገጥመውን ነገር ይፈልጋል። ብዙ ያስመለሰና ያስቀመጠው ሰው ውኃው ስለሚያልቅ አፉ ይደርቃል፤ ልቡም ይፈጥናል። ይህ ሰው ግን አፉ በምራቅ ተሞልቷል፤ ልቡም ዘግይቷል። ይህ ተቃርኖ የጥያቄው ቁልፍ ነው። የጠበበው ብሌንና የሚርገበገበው ጡንቻ ሲጨመሩበት ነገሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመራል፤ ኦርጋኖፎስፌት በሚባለው የፀረ-ተባይ ኬሚካል ቤተሰብ መመረዝ ነው። ማላታዮንና ዳይሜቶት የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

መርዙ የሚሠራበት መንገድ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። በሰውነታችን ውስጥ ነርቭ ለዕጢና ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራው ሲያበቃ የሚያስወግደውም ሌላ ንጥረ ነገር አለ። መርዙ የሚያሰናክለው ይህን አስወጋጅ ነው። የመስኖ ቦይ መዝጊያው ተነቅሎ ውኃው ማሳውን እንደሚያጥለቀልቅ ሁሉ፣ ላብ፣ እንባ፣ ምራቅና የሳንባ ፈሳሽ ያለ ገደብ ይፈስሳሉ። ሰውየውን የሚገድለው በአብዛኛው የሳንባው በፈሳሽ መሞላትና የመተንፈሻ ጡንቻዎች መዛል ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ «ሐ» ነው።

«መ» ግን የጥያቄው ወጥመድ ነው። ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል መላኩ አይቀርም። ነገር ግን መርዝ የነካው ልብስ በላዩ እንዳለ፣ ሳንባው በፈሳሽ እንደተሞላ አምቡላንስ ላይ ማውጣት በመንገድ ላይ ለሞት አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው የሚለካው ተፈታኙ ሪፈር መጻፍ ማወቁን ሳይሆን፣ ሪፈሩ ከመጻፉ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች እንዴት እንደሚጠቀምባቸው ነው። ተከታዩም ጥያቄ ቢመጣ እንዲሁ ያመዛዝናል። አትሮፒን በቃ የሚባለው መቼ ነው? ብሌኑ ሲሰፋ ነው ወይስ ደረቱ ሲጠራ? መልሱ ደረቱ ሲጠራና የልብ ምቱ ሲስተካከል ነው፤ ሰውየውን የሚገድለው የብሌኑ መጥበብ አይደለምና።

እዚህ ላይ ከጥያቄው ወረቀት ውጪ የሆነ አንድ የቋንቋ ችግር አለ። በገጠሩ ፀረ-ተባዩም ፀረ-አረሙም «መድኃኒት» ይባላል። ክሽክሽ ወይም ጓይ ትል በበርበሬው ላይ ሲታይ «መድኃኒት ልርጭ» ይባላል። ሐኪሙ «መድኃኒት ወስደሃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሕመምተኛው «አልወሰድኩም» ብሎ በቅንነት ይመልሳል፤ ጠዋት ሙሉ ሲረጭ መዋሉ ግን አይነሣም። ትክክለኛው ጥያቄ «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ? ምን ረጨህ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ችግር ደግሞ «መድኃኒቱ» ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ለስንዴና ለጤፍ አረም የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ ኦርጋኖፎስፌት አይደለም፤ አትሮፒንም ማርከሻው አይደለም። ስለዚህ ቤተሰቡ ይዞት የሚመጣው ዕቃ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

«ለከፋት» የተባለች እናት

«የ20 ዓመት ሴት የመጀመሪያ እርግዝናዋ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ከሁለት ቀን ወዲህ ራሷን አጥብቆ ያማታል፤ ዓይኗም ይደበዝዛል። ዛሬ ጠዋት ቤት ውስጥ ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ ራሷን ሳተች። የደም ግፊቷ 170 በ115 ነው። ከመተንፈሻዋ ደኅንነት ቀጥሎ መሰጠት ያለበት የትኛው ነው?» ከምርጫዎቹ መካከል ዳያዜፓም፣ የወባ መርፌ፣ የጭንቅላት ሲቲ ስካንና ማግኒዚየም ሰልፌት ይገኛሉ።

የመንቀጥቀጥ ምክንያቱ ብዙ ነው። የሚጥል በሽታ፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል ላይ የወጣ ወባና የስኳር ማነስ ሁሉ ያንቀጠቅጣሉ። የሚያመዛዝን ተፈታኝ ግን ማን እንደተንቀጠቀጠች ያያል። እርግዝናዋ 20 ሳምንት ያለፋት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ያለ ሴት ስትንቀጠቀጥ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ኤክላምፕሲያ ተብሎ ይታከማል። ሌሎቹ አይረሱም፤ ወባውም ስኳሩም ይመረመራል። ነገር ግን ውጤት እየተጠበቀ የሚባክን ጊዜ የለም።

መልሱ ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። ይህ የአንድ መምህር ምርጫ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. ከ1,600 በላይ ኤክላምፕሲያ የያዛቸው ሴቶች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ማግኒዚየም የተሰጣቸው እናቶች እንደገና የመንቀጥቀጥ ዕድላቸው ዳያዜፓም ከተሰጣቸው በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ማግፓይ የተባለው ጥናት ደግሞ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን አካትቶ፣ መድኃኒቱ ገና ያልተንቀጠቀጡትን፣ ነገር ግን በእርግዝና ምክንያት ግፊታቸው የጨመረውን ሴቶች እንዳይንቀጠቀጡ እንደሚከላከል አረጋግጧል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ በጤና ጣቢያም ሊሰጥ ይችላል። ያለ ክትትል ከተሰጠ ግን ትንፋሽን ስለሚያዘገይ፣ የጉልበት ምላሽ፣ የአተነፋፈስ ብዛትና የሽንት መጠን በየጊዜው መታየት አለባቸው። የመጨረሻው ሕክምና ግን መውለድ ነው።

ሲቲ ስካን የሚለው ምርጫ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። ብዙ ተማሪዎች የሚዘጋጁት ከባሕር ማዶ በሚመጡ የጥያቄ ስብስቦች ነው። እነዚያ ጥያቄዎች መሣሪያው በሚቀጥለው ክፍል እንዳለ ያስባሉ። ቆሼ ላይ የቆመ ሐኪም ግን የሚያስበው በእጁ ስላለው የግፊት መለኪያ፣ የሽንት መመርመሪያ ወረቀትና ስለ መንገዱ ርዝመት ነው። ማሰቡ አንድ ነው፤ የሚታሰብበት ዓለም ግን ይለያያል።

በቤተሰብ በኩል ያለው መዘግየትም አብሮ መታየት ይገባዋል። ወጣቷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ከነበረ «ለከፋት» ሊባል ይችላል። ጸሎቱም ዱዓውም በመንገድ ላይ ሆኖ ሊደረግ ይችላል። ቤት ውስጥ ሆኖ መጠበቅ ግን ሁለተኛውን መንቀጥቀጥ መጋበዝ ነው። ከዚያም በፊት፣ ራስ ምታቱ በጀመረባቸው ሁለት ቀናት ውስጥ ግፊቷ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ባልተጠየቀ ነበር። የእርግዝና ክትትል ዋናው ጥቅሙም ይኸው ነው።

ትኩሳት ሁሉ ወባ ነውን?

«የሦስት ዓመት ሕፃን ለሁለት ቀናት ትኩሳት ኖሮበት ዛሬ መጥባትና መጠጣት አቃተው፤ አንድ ጊዜም ተንቀጠቀጠ። በጣት ደም የተደረገለት ፈጣን የወባ ምርመራ ወባ የለም ይላል። ቀጥሎ ምን ይደረጋል?»

በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ በሚዘጋጅ ፈተና ላይ የወባ ጥያቄ ፍንጩ «በቅርቡ ከአፍሪካ የተመለሰ መንገደኛ» የሚለው ነው። ያ ሐረግ ለእነርሱ ቁልፍ ነው። ለቆሼ ግን ቁልፍ ሊሆን አይችልም፤ እዚህ ሁሉም ሰው አፍሪካ ውስጥ ነውና። በኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አካባቢ በአብዛኛው ወባማ ተብሎ ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆው ዳር ያለ ሐኪም ትኩሳት ሲያይ ወባን ቢያስብ ትክክል ነው። አደጋው ሌላውን ማሰብ ሲያቆም ነው።

የምርመራው መልስ ወጥመድ የሚሆነው በሁለት በኩል ነው። ወባ የለም ቢል፣ ነገሩ በዚያ አይዘጋም። ፈጣን ምርመራው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርቱ የወባ ተውሳኮች በኢትዮጵያ ተገኝተዋል። ስለዚህ በጠና የታመመ ሕፃን ደሙ በማይክሮስኮፕ ሊታይለት ይገባል። ወባ አለ ቢልም ነገሩ አይዘጋም። በደሙ ወባ ያለበት ሕፃን ማጅራት ገትር ወይም የሳንባ ምች አብሮ ሊኖርበት ይችላል። በመሆኑም ለዚህ ሕፃን ትክክለኛው ቅደም ተከተል የደሙን ስኳር መለካትና ካነሰ ማስተካከል፣ አንገቱንና አተነፋፈሱን መመርመር፣ ማጅራት ገትር አይደለም ማለት ካልተቻለ ፀረ-ተዋህስያን ሳይዘገይ መጀመር፣ ከባድ ወባም ከተጠረጠረ የአርቴሱኔት መርፌ መስጠት ነው። የመጨረሻው ነጥብም ማስረጃ አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመና በ9 የአፍሪካ አገሮች ከ5,000 በላይ ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት፣ በኪኒን ከታከሙት 10.9 በመቶ ሲሞቱ በአርቴሱኔት ከታከሙት የሞቱት 8.5 በመቶ ነበሩ።

የትኛው በሽታ በየትኛው ቦታ እንደሚበዛ ማወቅ የዚህ ሁሉ ማመዛዘን መሠረት ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የአካባቢው ሰው ይህን በኩራት ሊያውቀው ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1979 ዓ.ም. የጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የተመሠረተው በቀድሞው መስቃንና ማረቆ ወረዳ ነው። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው፣ ቤት ለቤት ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተና በምን ምክንያት እንደሞተ ለዓመታት ተመዝግቧል። ስለ ሕፃናት ሞት፣ በኋላም ስለ አእምሮ ሕመም ከዚህ የወጡት ጥናቶች በአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ውስጥ ሥፍራ አላቸው። ዛሬ ተፈታኙ «በገጠር ኢትዮጵያ ይህ በሽታ የተለመደ ነው» ብሎ ሲያስብ፣ ከዕውቀቱ ከፊሉ የተገኘው በሩን ከፍቶ ለመዝጋቢው መልስ ከሰጠው የማረቆና የመስቃን ሕዝብ ነው።

ፈተናው የማይጠይቀው

እስካሁን ያየነው የፈተናውን ጥንካሬ ነው። ምርጫው በዘፈቀደ የማይመታው፣ አደገኛውን አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ የማይገጥመውን ምልክት የሚያሳድድና ሕክምናን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥ ተፈታኝ ነው። ያለዚህ ችሎታ የሚሰጥ ፈቃድ ሕዝብን አያስተማምንም። በዚህ ረገድ ፈተናው ተገቢ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለው ሕመምተኛ ሁሉን ተናግሮ የጨረሰ ሕመምተኛ ነው። ዕድሜው ይታወቃል፤ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ይታወቃል፤ ፍንጩም በሦስተኛው መስመር ላይ ተቀምጧል። ቆሼ ላይ የሚመጣው ሕመምተኛ ግን ማረቆኛ፣ መስቃንኛ ወይም ስልጥኛ ሊናገር ይችላል፤ ሐኪሙ የተማረውና የተፈተነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙት በአማርኛ፣ አለዚያም በአስተርጓሚ ነው። ከሦስት ቋንቋ የተሻገረ ታሪክ በመንገድ ላይ ብዙ ይጎድለዋል። የ«መድኃኒት» ነገር ምሳሌ ነው። ታሪክን ፈልቅቆ ማውጣት፣ ማለትም መጠየቅና ማዳመጥ፣ በምርጫ ጥያቄ አይለካም። ይህን የሚለካው ተፈታኙ በሕመምተኛ ፊት ቆሞ የሚመዘንበት የተግባር ፈተና ነው።

ሁለተኛው ነገር የኃላፊነት ጉዳይ ነው። አንድ ምሩቅ ሲወድቅ ሸክሙ የሚያርፈው በእርሱና በርበሬ ሸጦ ባስተማረው ቤተሰብ ላይ ነው። ይሁንና ከአንድ ተቋም ብዙዎች በአንድ ዓይነት ጥያቄ ላይ ከወደቁ፣ ጥያቄው ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለተቋሙም መቅረብ አለበት። በቂ ሕመምተኛ አይተዋል ወይ? በአልጋው አጠገብ ሆኖ «ለምን ይህን መረጥክ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ነበራቸው ወይ? ማመዛዘን ከመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። ልክ እንደ እርሻ፣ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆሞ፣ ተሳስቶና ታርሞ የሚለመድ ሙያ ነው። ስለዚህ የፈተናው ውጤት በትምህርት ዘርፍ ተዘርዝሮ ለተቋማቱ ቢመለስና ለሕዝብም ቢገለጽ፣ ወላጅ ልጁን የት እንደሚልክ፣ ተቋሙም ምን እንደሚያርም ያውቃል።

ሦስተኛው የጥያቄዎቹ መነሻ ነው። በርበሬ ሲረጭ የተመረዘ አርሶ አደር፣ ክትትል ሳታደርግ የቆየች ነፍሰ ጡር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የላከችው ሕፃን ከዚህ አገር የሚነሡ ታሪኮች ናቸው። በወልቂጤና በሆሳዕና ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአካባቢያቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሚያጋጥሙትን፣ የሕመምተኛውን ማንነት ሳይገልጡ፣ የማስተማሪያ ጥያቄ ቢያደርጓቸው ተማሪው ለፈተናውም ለሥራውም በአንድ ጊዜ ይዘጋጃል።

ከቤት የሚጀምር ሕክምና

የሐኪሙ ማመዛዘን የሚነሣው ሕመምተኛውና ቤተሰቡ ከሚሰጡት ታሪክ ነው። ፈተናውን የሚወስደው ምሩቁ ቢሆንም፣ የጥያቄው ግማሽ የሚጻፈው በቤታችን ነው። ስለዚህ ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ አራት ነገሮችን ማስታወስ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረና የትኛው ምልክት እንደቀደመ መናገር። ሁለተኛ፣ በዕለቱ የተሠራውን ሥራ መናገር፤ ርጭት ከነበረ የኬሚካሉን ዕቃ ከነጽሑፉ፣ ክዳኑን አጥብቆ በፌስታል ይዞ መምጣት፤ ከመነሣትም በፊት የታመመውን ልብስ አውልቆ ገላውን በውኃና በሳሙና ማጠብ፤ የሚያጥበውም ሰው መርዙ እንዳይነካው መጠንቀቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ከሱቅም ሆነ ከባህል ሐኪም የተወሰደ ነገር ካለ አለመደበቅ። ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመውቀስ ሳይሆን የሚሰጠው መድኃኒት ከቀደመው ጋር እንዳይጋጭ ነው። አራተኛ፣ ሴቷ ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ስንተኛ ወሯ እንደሆነና የክትትል ካርዷን ማቅረብ።

በአማርኛ ብቻ መግባባት ለሚቸግረው ሰው ደግሞ ከሕመምተኛው ጋር የዋለና ነገሩን ያየ ሰው አብሮ መሄድ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚላከው ከተማ የሚያውቅ ዘመድ ነው፤ እርሱ ግን ጠዋት ማሳው ላይ አልነበረም። ያየው ሰው ከጎኑ ይቁም፤ ዘመዱም ያስተርጉም።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ለፈቃድ የሚዘጋጀው ወጣትም ጥያቄዎቹን ሲለማመድ በየመልሱ ስር አንድ መስመር ቢጨምር ይበጀዋል፦ ይህ ሰው ቆሼ ላይ ቢመጣብኝ፣ መብራት በሌለበት ሌሊት፣ ቡታጅራ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ በእጄ ባለው ነገር በመጀመሪያ ምን አደርግለታለሁ? ይህን አስቦ የሚመልስ ተፈታኝ ፈተናውን የማለፍ ዕድሉ ይሰፋል። ከፈተናው በኋላም አርሶ አደሩ ተማምኖ ነፍሱን የሚሰጠው ለእንዲህ ያለው ባለሙያ ነው።